«ፖርቹጋሎች የሠሩት» ነው አሉ

ባለፈው ቆሰበር፣ ማኪያቶ ይዘን እንደተቀመጥን አንድ ጓደኛዬ ስልኩን ዘረጋልኝ። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ መርጡለ ማርያም ሄዶ የተነሳው ፎቶ ነው። ከጀርባው ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ግንብ፣ ቅስት፣ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አበባ ይታያል። «አየኸው? ፖርቹጋሎች የሠሩት ነው» አለኝ። ስንት ሰዓት ቆየህ ብለው፣ አሥር ደቂቃ። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተንገላቶ፣ አሥር ደቂቃ!

እኔን ያናደደኝ ግን አሥሩ ደቂቃ አይደለም። ይቺ «ፖርቹጋሎች የሠሩት» የምትባል ነገር ናት። እዚህ አገር ኖራ የነካው ድንጋይ ሁሉ ባለቤቱ ፖርቹጋል ነው። የጎንደሩን ግንብ እንኳ ለእነሱ የሚሰጥ ሞልቷል። ኧረ ፋሲለደስ እኮ ነው ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ከአገር ያባረረው! ቤተ መንግሥቱን የሠራው ደግሞ ካባረራቸው በኋላ ነው።

ወደ መርጡለ ማርያም ልመለስ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ አትጨቃጨቁኝ።) ካህናቱ ታሪኩን የሚጀምሩት ከአብርሃና አጽብሃ ነው። ትልቁን የድንጋይ ቤተክርስቲያን ያሠራችው ግን እቴጌ እሌኒ ናት። የሃድያ ገዥ ልጅ፣ ከእስላም ቤት የወጣች፤ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ አገር ያስተዳደረች። ማቴዎስን መልእክተኛ አድርጋ ወደ ፖርቹጋል የላከችውም እሷው ናት። ሕንፃዋ በግራኝ ጦርነት (1529–1543) ፈረሰ። ኢየሱሳውያኑ እዚያ የደረሱት ከስንት ዘመን በኋላ፣ ሱስንዮስ ነግሦ፣ በ1620ዎቹ ነው። የገነቡትም በእሷ ፍርስራሽ ላይ ነው። ያውም ሁሉም ፖርቹጋል አልነበሩም፤ ሥራውን የመራው ብሩኖ ብሩኒ ጣሊያናዊ ነው! የትኛው ቅርጽ የእሌኒ፣ የትኛው የእነሱ እንደሆነ አጥኚዎች ይከራከራሉ። ጓደኛዬ በአሥር ደቂቃ ፈርዶ መጣ።

የፈረንጅ እጅ ነክቶታል ነው? እሺ፣ ይንካው። አየርላንድ ውስጥ ሜሊፎንት የሚባል የፈረሰ ገዳም አለ። በ1142 ሲመሠረት ከፈረንሳይ የመጡ መነኮሳት አግዘዋል። በ1539 ሄንሪ 8ኛ ዘጋው። ዛሬ የቀረው ጥቂት ግድግዳና መሠረት ነው፤ ሰው ግን እየሄደ ያየዋል። «የፈረንሳዮች ነው» ብሎ የሚያስረክብ አየርላንዳዊ አልሰማሁም። እኛ ግን ሳንጠየቅ እናስረክባለን። የሰው ነው ያልከውን ግንብ ደግሞ ዝናብ ሲበላው አያምህም፤ ድንጋዩን ለአጥር ሲወስዱት ብታይም ዝም ነው።

ይሄን ሁሉ ስለፈልፍበት ጓደኛዬ ማኪያቶውን ጨርሷል። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ሊለጥፈው አስቦ፣ ከሥሩ «ፖርቹጋል» የሚለውን ጽፎ ነበር። አጠፋውና «የእሌኒ ስም የሚጻፈው በአሌፉ አ ነው በዓይኑ?» ሲል ጠየቀኝ።