ጭላሎ ቤተ ሙከራችን ይሁን

ከአዳማ ተነሥቶ በአዋሽ መልካሳ በኩል ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ ደራ ሲደርስ ገና ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት አልወጣም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተደቡብ አቅጣጫ ደግሞ፣ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ፣ ከ4,000 ሜትር ጥቂት የሚያልፈው የጭላሎ ተራራ ቆሟል። በሁለቱ መካከል ያለው የ2,300 ሜትር ልዩነት፣ በእኛ አስተያየት፣ በአካባቢው ካሉት ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ሰፊው ነው። ይሁን እንጂ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተማሪዎች ይህን ቤተ ሙከራ በአውቶቡስ መስኮት አይተውት ያልፋሉ እንጂ አይገቡበትም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የአርሲ ተራሮች በመንገድ መሪ እየተመሩ፣ በየዕለቱ ከአንዱ ማረፊያ ጎጆ ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ በአራትና በአምስት ቀን የሚወጡበት ሥርዓት ሊዘረጋላቸው ይገባል። ከመጀመሪያዎቹ ተጓዦች መካከልም የሳይንስ ተማሪዎች ሊገኙ ይገባል እንላለን።

በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ሲቻል አራትና አምስት ቀን ለምን ያስፈልጋል? መልሱን የሚሰጠን ፊዚክስ ነው። ውድ አንባቢያን፣ «በከፍታ ላይ ኦክስጅን ያንሳል» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። አባባሉ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ደራም ሆነ ጭላሎ ጫፍ ላይ ያው በመቶ 21 ነው። የሚያንሰው ከበላያችን ያለው አየር ክብደት፣ ማለትም የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ 76 ሴንቲ ሜትር የሚቆመው የባሮሜትር ሜርኩሪ ደራ ላይ ወደ 62 ሴንቲ ሜትር፣ ጭላሎ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 47 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ደራ ያደገ ወጣት ጫፉ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ሲተነፍስ የሚያገኘው ኦክስጅን በከተማው ከለመደው ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ነው ማለት ነው።

ሰውነት ይህን ጉድለት የሚያካክስበት ብልሃት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንፋሽና የልብ ምት ይፈጥናሉ፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑት ቀይ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ። ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራችው በቆጂ በእነዚሁ ተራሮች ግርጌ በከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ መሆንዋም በስፖርት ሳይንስ ጠበብት ዘንድ ብዙ ጥናት የተደረገበት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ይህ መለማመድ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ የተነፈገው ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ ማጣት ይይዘዋል። ምልክቱን ችላ ብሎ ሽቅብ የቀጠለ ደግሞ ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ ሊቋጥርና ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ስለዚህም የተራራ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ፤ ሕመሙ ከባሰም መድኃኒቱ መውረድ መሆኑን አጥብቀው ያሳስባሉ። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ስለ ተራራ የተናገሩ ይመስላል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የማረፊያ ጎጆ ሥፍራ በመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻ የሚመረጥ አለመሆኑን ነው። ጎጆው የት መቆም እንዳለበት የሚወስነው የሰው ደም ነው። በኪሊማንጃሮ ተራራ የማራንጉ መንገድ ላይ ያሉት ጎጆዎች ማንዳራ በ2,720፣ ሆሮምቦ በ3,720፣ ኪቦ በ4,720 ሜትር ላይ ይገኛሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ዝላይ ከሚመከረው እጥፍ በመሆኑ ልምድ ያላቸው ተጓዦች ሆሮምቦ ላይ አንድ ሌሊት ይጨምራሉ። እኛ ከወዲሁ በትክክል መጀመር እንችላለን። የመጀመሪያው ሌሊት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አሰላ፣ ሁለተኛው 2,900 ሜትር አካባቢ፣ ሦስተኛው 3,400 ሜትር አካባቢ ይሁን። በአራተኛው ቀን ማለዳ ጫፉን ነክቶ ዝቅ ወዳለው ጎጆ ተመልሶ ማደር ይቻላል።

የጎጆ ለጎጆ ጉዞ ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2003 «ተስፋ» በሚል ስያሜ የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ጥሩ አብነት ነው። ገበሬዎቹ በገደሉ አፋፍ ላይ በድንጋይና በሣር ጎጆ ቀለሱ፤ እንግዳው በእግሩ ሲጓዝ ጓዙን የመንደሩ አህያ ተሸከመለት፤ ምግቡን ያዘጋጁለትም፣ ገቢውን ያስተዳደሩትም የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የተከሰቱት ጦርነትና ግጭቶች እንዲህ ያለውን ጉዞ ክፉኛ ጎድተውታል። ሆኖም ትልቅ ሆቴል ሳይገነባ ተራራን ለእንግዳ መክፈት እንደሚቻል መቄት አሳይቷል።

ተማሪው በየጎጆው ምን ይሠራል? ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትርና አንድ ድስት ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ከመጽሐፍ የሸመደደውን በራሱ ልኬት ይፈትናል። ደራ ላይ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላው ውኃ ጫፉ ላይ 87 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ያያል። የባቄላ ንፍሮ ቶሎ አልበስል ሲለው «ፈላ» እና «በሰለ» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሆዱ ያስተምረዋል። በሶና ጭኮ የደጋ ተጓዥ ስንቅ ሆነው የኖሩበትንም አንዱን ምክንያት በዚያው ይረዳል፤ ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ በመሆኑ ተራራው ላይ የሚፈላ ውኃ አይሻም። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በመቶ 10 ገደማ እንደሚጨምር ካወቀም፣ ብርድ ነው ብሎ ፊቱን ሳይሸፍን አይሄድም።

ስለ መንገድ መሪው አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የተማረ ወጣት በስልኩ ካርታ ተማምኖ መሪን እንደ ትርፍ ወጪ ሲቆጥር ይታያል። ስልኩ ያለበትን ነጥብ ይነግረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ በየትኛው ሸንተረር እንደሚወርድ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ ግን አይነግረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኋላ የቀረው ጓደኛው ዝምታው የድካም ይሁን የሕመም ለይቶ «ከዚህ አንወጣም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። በኪሊማንጃሮ ያለ መሪ መውጣት የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመሪው ዕውቀትም በልኬት የተገኘ ነው፤ መሣሪያው ዓይንና ዘመን ሆኖ ነው እንጂ።

በሐሳባችን ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አናቃልላቸውም። የአካባቢው ጸጥታ አስተማማኝ ባልሆነበት ወቅት ተማሪን ወደ ተራራ መላክ ፈጽሞ አይገባም፤ ተራራው ይጠብቃል። ሁለተኛው ስጋት የማገዶ ነው። የአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘንና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ናቸው፤ የእንግዳ ምድጃ የአስታውን ቁጥቋጦ የሚጨርስ ከሆነ ጎጆው ባይሠራ ይሻላል። በመሆኑም የግፊት ድስት፣ የፀሐይ ኃይልና ከታች የሚመጣ ነዳጅ ከጎጆው ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው። ሦስተኛው፣ ገቢው ለከተማ ነጋዴ ብቻ ከሆነ ገብስ ዘሪውና ከብት አርቢው ተራራውን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለደራ ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። ቀለጣ ወደ አዋሽ፣ ቀጣር ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርዱት ከእነዚሁ ተራሮች ነው። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ራሱ በቆላው በደራ ድልፈቃር ያለውን ክፍልና የጭላሎን ደጋ በአንድ ስም ያቀፈ ነው። ዝናብ አጠር የሆነው ሜዳ በከፊል የሚጠጣው ደጋው ያጠራቀመውን ነው። ከፍታውን በእግሩ ያልለካ ትውልድ ግን የሚጠጣውን ውኃ ምንጭ ለመጠበቅ መነሣሣቱን እንጠራጠራለን።

መጀመሪያው ትንሽ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1648 የፓስካል የእኅት ባል ፔሪየ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለውን የፈረንሳይ ተራራ ሲወጣ፣ ሁለተኛው ቱቦ ከታች በገዳም ግቢ ቀርቶ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ይጠብቀው ነበር። ከላይ ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደ፤ ከታች ያለው ግን አልተንቀሳቀሰም። የታችኛው ንባብ ባይኖር ኖሮ የላይኛው ምንም ባላስረዳ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጎጆ እስኪቀለስ ድረስ የደራ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባሮሜትራቸውን በግቢያቸው ሰቅለው የየዕለቱን ንባብ መመዝገብ ይጀምሩ። ወደ ጭላሎ የሚወጣው ጓድ ያ መዝገብ ያስፈልገዋል።