ስለ ሕፃናት አስተማሪና ስለ አዲሱ የመማሪያ ሰሌዳ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች ትምህርት በጻፍን ቁጥር፥ ነገራችን ሁሉ በሕፃኑና በወላጆቹ ላይ ብቻ እየሆነ፥ በሁለቱ መካከል ቆማ የምትደክመውን የሕፃናት አስተማሪ ስንዘነጋት ኖረናል። ዛሬ ስለ እርስዋ ለመጻፍ አስበናል። ይህንንም እንድናነሣ ያደረገን፥ ታብሌት የሚባለው፥ በጣት እየተነካ የሚሠራው የመማሪያ ሰሌዳ በአዳማና በአካባቢዋ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች እዚህም እዚያም ወደ ሕፃናት ክፍል መግባቱ ነው። ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በተለይም ዕቃ እንዲገዛና እንዲታደል የማዘዝ ሥልጣን ያላቸው፥ ጽሑፋችንን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን እንለምናለን።

ነገሩን ከወለንጪቲ እንጀምር። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ ይህችን ከተማ ያገኛታል። በ2004 ዓመተ ምሕረት፥ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚል ስም ያለው የአሜሪካ ማኅበር፥ በወለንጪቲ በኩል ላለ አንድ መንደርና በወንጪ ተራራ ላይ ላለ ሌላ መንደር፥ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት ታብሌት አደለ። ለእያንዳንዱ መንደር የደረሰው ወደ 20 የሚሆን ነበር። ሰሌዳዎቹም የተሰጡት በካርቶን ታሽገው ነው፤ እንዲህ ይከፈታል፥ እንዲህ ይሠራል ብሎ ለልጆቹ ያስረዳ ሰው አልነበረም። አዋቂዎቹ የተማሩት በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ነው።

የማኅበሩ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓመተ ምሕረት በአገሩ በተደረገ ጉባኤ ላይ የሆነውን ተናገረ። በእርሱ አነጋገር፥ በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቶ ሰሌዳውን አበራው፤ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራሞች ይከፍት ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉት ጀመር፤ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የመጣውን የፎቶግራፍ መሣሪያ ራሳቸው ከፈቱት። ይህ ወሬ በዓለም ጋዜጦች ሲዞር እኛም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ አለን። ብዙ ሰዎች ግን ከዚያ ተነሥተው «እንግዲያውስ አስተማሪ ለምን ያስፈልጋል?» እስከ ማለት ደረሱ። ከዚህ ላይ አንስማማም። ፊደልን በዜማ ማለትና ማንበብ የተለያዩ መሆናቸውን በልጅነቱ ከየኔታ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህም በላይ የወለንጪቲ ልጆች ለምን እንዳልፈሩ ማሰብ ይገባል። አላውቅም ብሎ የሚያፍር በመካከላቸው አልነበረም፤ አንዱ ሲያበላሽ ሌላው ይስቃል፥ ከዚያ ሁለቱም እንደገና ይሞክራሉ። ቢሰበርም ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው የለም።

አስተማሪዋ ግን እንደዚህ አይደለችም። በአዳማ ከተማ ሕፃናትን ሲያስተምሩ ብዙ ዓመት የቆዩ አንዲት ወይዘሮ እናውቃለን። ስማቸውንም የትምህርት ቤታቸውንም ስም አንጽፍም። ለክፍላቸው 6 ታብሌት መጥቶ፥ በፊርማቸው ተረክበው በቁም ሣጥን ቆለፉበት፤ ከመስከረም እስከ ጥርም ቁልፉ ከቦርሳቸው አልወጣም። ስልጠና ተሰጥቷቸው ነበር፤ ነገር ግን ለግማሽ ቀን ነበረ፤ አሰልጣኙም እየፈጠነ በግድግዳ ላይ ሥዕል ሲያሳይ፥ የተቀመጡት 40 አስተማሪዎች ሰሌዳውን በእጃቸው አልነኩትም። ለምን እንደ ቆለፉበት በጠየቅናቸው ጊዜ፥ «ቢሰበር እኔ ነኝ የምከፍለው፤ ባይሰበርም እፊታቸው ቆሜ አልከፈት ቢለኝ ልጆቹ ምን ይሉኛል?» አሉን። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል ስንላቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ሁለተኛው» አሉ።

ይህ ፍርሃት የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ምንጩም ጥንታዊ ነው። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ለአስተማሪዎቻችን ግን የቀረበ ሌላ ትዝታም አለ። በ1996 ዓመተ ምሕረት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፍ ነበርና፥ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የመስኮቱ ነበር። መስኮቱ ቁም ቢሉት አይቆምም፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ አያይም። አስተማሪው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፥ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ በመካከሉ ከተማሪዎቹ ጋራ ተቀምጦ ይመለከታል። ጥሩ አስተማሪ በሌለበት ስፍራ ጥቅም አልነበረውም አንልም። ነገር ግን መሣሪያ የመጣ እንደ ሆነ አስተማሪ ወደ ጥግ ይገፋል የሚለው አሳብ በብዙዎች ልብ የተተከለው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ ሕፃናትን ከሚያስተምሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በዚያ መስኮት ፊት ተቀምጠው የተማሩ ናቸው።

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። ቁልፉን ያስወጣቸው የበላይ ትእዛዝ ወይም ሁለተኛ ስልጠና አይደለም። በጥር ወር ለዕረፍት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፥ ዳይሬክተሩ አንዱን ሰሌዳ ወደ ቤታቸው እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው፤ «ቢበላሽ በትምህርት ቤቱ ስም ይመዘገባል» ብለውም በጽሑፍ ሰጧቸው። ይህች አንዲት መስመር ጽሑፍ የሠራችውን ሥራ ልናጋንን አንወድም፤ ነገር ግን ወይዘሮዋ ሰሌዳውን በዚያው ማታ አበሩት። ቡና ተፈልቶ፥ ልጆች ተኝተው፥ የሚያያቸው ሰው በሌለበት ሰዓት እየነኩ አጠፉት፥ አበሩት፥ ቋንቋውን ወደማያውቁት ቋንቋ ለውጠው መመለሻው ጠፍቷቸው አደሩ። በማግስቱ የእኅታቸው ልጅ መለሰላቸው። «አክስቴ፥ ይኸ እኮ ምንም አይደለም» አላቸው። በሦስተኛው ቀን እርሳቸው ራሳቸው መለሱት።

ፍርሃታቸው ፈጽሞ የጠፋው ግን ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። የክፍላቸው ሕፃናት የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፥ ቋንቋው ከ1984 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል እየተጻፈ ለትምህርት ይውላል። በሰሌዳው ላይ ያለው ፕሮግራም ግን የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነበር። የፊደሉ መልክ አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ይለያያል። እንግሊዞች «ኤክስ» የሚሏት፥ ሁለት መስመር የተመሳቀለባት ፊደል፥ በቁቤ «ጥ» ናት፤ «ሲ» የሚሏትም «ጭ» ናት። ሰሌዳው «ኤክስ» ብሎ፥ በልጆቹ አገር ታይቶ የማይታወቅ፥ በበትር እየተመታ የሚጮኽ የእንጨት ሙዚቃ መሣሪያ ሥዕል ባሳየ ጊዜ፥ አንዲት ሕፃን ወደ ወይዘሮዋ ዞራ «ቲቸር፥ ተሳሳተ!» አለቻቸው። እርሳቸውም ጠመኔ አንሥተው ያችኑ ፊደል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ጣፊ» አሉ፤ ጣፊ በአፋን ኦሮሞ ጤፍ ማለት ነው። ክፍሉም በሙሉ «ጣፊ!» ብሎ ጮኸ።

ይህን ሲነግሩን ፊታቸው በርቶ ነበር። «ለካ እርሱም የማያውቀው አለ» አሉን። እኛም ከዚህ ቃል ይልቅ ጉዳዩን የሚገልጽ አላገኘንም። ለብዙ ወር መሣሪያውን ሁሉን አዋቂ፥ ራሳቸውን ግን አላዋቂ አድርገው ይቈጥሩ ነበርና፥ በዚያች ቀን ሚዛኑ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ የሰሌዳውን ድምፅ መቅጃ ከፍተው፥ የቁቤን ፊደላት በራሳቸው ድምፅ፥ ምሳሌውንም ልጆቹ ከሚያውቁት ነገር እየወሰዱ ቀዱ። 6ቱን ሰሌዳ ለ42 ልጆች ለማዳረስ ደግሞ የጥንቱን የቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓት ተጠቀሙ፤ ይኸውም የቀደመው ልጅ ለኋለኛው እንዲያስጠና፥ እርሳቸውም በየመካከላቸው እየዞሩ እንዲያዳምጡ ነው። የወለንጪቲ ልጆችም ያለ አስተማሪ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ተማማሩ። ልዩነቱ አሁን ሲሳሳቱ የሚያርማቸው መኖሩ ነው።

እናቶች አንድ ነገር እንዳይሰጉ እንጽፋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው ምክር፥ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናት ተቀምጠው መስኮት የሚመለከቱበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ቢያንስም የተሻለ መሆኑን አስታውቋል። በዚህ ክፍል ለአንድ ቡድን የተመደበው 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ ወደ አፈርና ወደ ጠጠር ጨዋታቸው ይሄዳሉ። በቤት የአባትን ስልክ እስኪተኛ ድረስ የሚይዘውን ሕፃን ግን ምን እንደምንለው አናውቅም፤ ያ የአስተማሪ ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ ባለሥልጣኖቻችን እንዞራለን። የዕቃ ግዢ ሲታሰብ ለ100 ሰሌዳ ዋጋ ይመደባል፤ አስተማሪዋ ሰሌዳውን ይዛ ወደ ቤትዋ የምትሄድበት ፈቃድ ግን በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም። የንብረት ሕግ ለመንግሥት ሀብት ጥበቃ የወጣ መሆኑን እናውቃለን፤ እናከብረዋለንም። ነገር ግን ተቆልፎ የሚያረጅ ዕቃ ተጠብቆአል ይባላልን? በአገልግሎት ላይ ሳለ ለሚደርስ ጉዳት አስተማሪዋ ከኪስዋ እንዳትጠየቅ የሚያደርግ አንድ አንቀጽ፥ የግማሽ ቀኑም ስልጠና አስተማሪዎቹ በእጃቸው እየነኩ የሚሠሩበት ሁለት ሳምንት እንዲሆን፥ ፕሮግራሙም ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ እንዲዘጋጅ፤ የምንለምነው ይህን ሦስት ነገር ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ወይዘሮዋን ባለፈው ሳምንት ዳግመኛ ጎበኘናቸው። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ከ6ቱ ሰሌዳ ሁለቱ ብቻ ኃይል ነበራቸው። እርሳቸው ግን አልተጨነቁም፤ ልጆቹን በጥቁሩ ሰሌዳ ፊት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በበሩ ላይ ተሰክቶ አየነው። ስንወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ የቀዱትን ድምፅ በሻሸመኔ ለምታስተምር ጓደኛቸው በቴሌግራም ለመላክ ፈልገው፥ ፋይሉ ትልቅ ሆኖ አልሄድ ብሏቸው ነበር። እኛም አላወቅነውም፤ የእኅታቸውን ልጅ እንዲጠይቁ ነገርናቸው።