አዲስ ሞተር በአሮጌ ካምቢዮ

በዚህ ሳምንት የሙያ ዓምዳችን ስለ መኪና እናነባለን። ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ጋራዥ የሚውሉ ልጆች ነገሩን በእጃቸው ያውቁታል። መኪና የሌለን ሰዎችስ? እኛንም ይመለከተናል። ሁላችንም በመኪና እንሳፈራለን። ቁልቁለት ላይ ደኅና የሚያወርደን የሾፌሩ እጅና የመካኒኩ ሥራ ነው።

አንድ አሮጌ መኪና አለ እንበል። ሻንሲው ጠንካራ ነው። ካምቢዮውም ደኅና ይሠራል። ሞተሩ ግን አርጅቷል። ያጨሳል፤ ዘይት ይጠጣል፤ ዳገት ላይ ይደክማል። መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ? አንዳንዱ የኋለኛ ዘመን ሞተር ይገዛና በአሮጌው ቦታ ያስገጥማል። ካምቢዮውን ግን አይነካም። ካምቢዮ ከተለወጠ ከኋላው ያለው ዘንግ ይቆረጣል፤ ወለሉ ይቀደዳል፤ የማርሽ እጀታው ቦታ ይለወጣል። ወጪው ይበዛል። «ሞተሩን ብቻ ለውጡልኝ» ይላል ባለቤቱ።

ይህ ሥራ ይቻላል። በብዙ ሀገር ይሠራል። ሆኖም ሞተር የሚገዛ ሰው ከሞተሩ በፊት ካምቢዮውን ማየት አለበት። ለምን? አብረን እንይ።

ካምቢዮ ምን ይሠራል?

ሞተር ነዳጅ አቃጥሎ ዘንግ ያዞራል። ካምቢዮ ያንን ዙር ተቀብሎ ወደ ጎማ ያስተላልፋል። በአንደኛ ማርሽ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ያበዛል። ማርሹ ከፍ ሲል ጉልበቱን ቀንሶ ፍጥነቱን ይጨምራል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፍሪሲዮን አለ። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ሲለቅ ይያያዛሉ። እንግዲህ ሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበት ሁሉ የሚሸከመው ካምቢዮ ነው።

ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። በሬዎቹ ጎልማሳና ብርቱ ናቸው እንበል። ሞፈሩ ግን ያረጀ ነው። ማረሻው ሥር ሲይዘው በሬዎቹ አይቆሙም፤ ይጎትታሉ። የሚሰበረው ሞፈሩ ነው። መኪናም እንደዚሁ ነው። ሞተሩ በሬው፣ ካምቢዮው ሞፈሩ ነው።

የላንድ ሮቨር ምሳሌ

ላንድ ሮቨርን በገጠር የማያውቅ የለም። ሲሪየስ 3 የሚባለው ላንድ ሮቨር በእንግሊዝ አገር ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። የናፍጣ ሞተሩ 2.25 ሊትር ሲሆን ኃይሉ 62 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ያው ፋብሪካ በ1989 እ.ኤ.አ. 200 ቲዲአይ የሚባል ሌላ የናፍጣ ሞተር አወጣ። ይህኛው 2.5 ሊትር ነው። ቱርቦ አለው። በዲፌንደር መኪና ላይ ኃይሉ 107 የፈረስ ጉልበት ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ የአሮጌ ላንድ ሮቨር ባለቤቶች ይህን ሞተር አስገጥመው ባለ አራት ማርሹን ካምቢዮ እንደነበረ ይተዉታል። የአዲሱ ሞተር አካል ከአሮጌው ሞተር የወረደ ዘር ነው። ስለዚህ በጥቂት ማስተካከያ ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር ይጋጠማል።

ገጠመ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም። አንድ ሜትር የሚረዝም የቡሎን መፍቻ አስቡ። የአሮጌው ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል በመፍቻው ጫፍ ላይ 14 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ነው። የአዲሱ 26 ኪሎ ያህል ነው። ካምቢዮው የተሠራው ለ14ቱ ኪሎ ነው። አሁን 26 ሊሸከም ነው። ከኋላ ያለው ዲፈረንሲያልና ጎማ የሚያዞሩት ዘንጎችም እንዲሁ።

በደጋ ሀገር ልዩነቱ ይብሳል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ስለዚህ የ62 ፈረሱ ሞተር እዚያ 48 ያህል ቢሰጥ ነው። ቱርቦ ግን አየሩን አፍኖ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ የጠፋውን አብዛኛውን ይመልሳል። ሰው ቱርቦ የሚወደው ለዚህ ነው። ካምቢዮውም ያን ያህል ይጨነቃል።

ታዲያ ካምቢዮው ወዲያው ይሰበራል ማለት ነው? አይደለም። ልባም ሾፌር ከያዘው ብዙ ዘመን ያገለግላል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በጭነት፣ በጭቃ ውስጥ ነዳጅ እስከ መጨረሻው የሚረግጥ ሰው ግን ጥርሱን ያረግፈዋል።

እንዴት ይጋጠማሉ?

ከካምቢዮው ፊት የሚወጣ ዘንግ አለ። ጫፉ በሞተሩ ዘንግ መካከል ባለች ትንሽ ቡሽ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። የሚፈቀደው ስሕተት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የፀጉር ውፍረት ማለት ነው! በዓይን አይታይም፤ በመለኪያ ነው።

ሞተሩና ካምቢዮው ከተለያየ ፋብሪካ ሲሆኑ ቀዳዳቸው አይገናኝም። ያኔ ቶርኖ ቤት ወፍራም ብረት ይሠራና በመካከላቸው ይገባል። ብረቱ ወፍራም ከሆነ ካምቢዮው ወደ ኋላ ይርቃል፤ የዘንጉ ጫፍ ቡሿ ድረስ አይደርስም። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ጥርስም ከካምቢዮው ዘንግ ጋር መስማማት አለበት።

መስመሩ ከተዛባ ምን ይሆናል? ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል። ኩሽኔታው ይበላል። ቀን ሲቆይ ማርሹ በራሱ ጊዜ እየወጣ ያስቸግራል።

ማርሽ የወጣ ዕለት

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጭነት የያዘ መኪና እዚያ የሚወርደው በዝቅተኛ ማርሽ ነው። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩም የሚይዘው በካምቢዮው በኩል ነው። እዚያ ላይ ማርሹ ከወጣስ? ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ብዙ ሲያዝ ይግላል። ሲግል መያዙን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም። የሁለት ቡሎን ቀዳዳ መዛባት ሰው የሚገድለው እንዲህ ነው።

ፍሬኑም ራሱ መታየት አለበት። የሲሪየስ 3 ፍሬን በአራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን ነው። የተሠራውም በዝግታ ለሚሄድ መኪና ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሞተሩን አጠንክሮ ፍሬኑን እንደነበረ የተወ ሰው ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎታል።

አንዳንዱ ባለቤት ደግሞ «ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይሄድም» ይላል። እውነቱን ነው። በሲሪየስ ዲፈረንሲያል ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ረጅሙ ዘንግ 4.7 ጊዜ ይዞራል። የሬንጅ ሮቨርና የዲስከቨሪው 3.54 ጊዜ ነው። በዚህ ሲለወጥ መኪናው በዚያው የሞተር ዙር ሲሶ ያህል ይፈጥናል። ግን ሁሉም ማርሽ ይፈጥናል፤ አንደኛውም ጭምር። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይከብዳል፤ ቁልቁለት ላይም ሞተሩ መኪናውን አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ለሜዳ ይጠቅማል፤ ለገደል መንገድ ግን ደግሞ ደጋግሞ ማሰብ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ካምቢዮው ወርዶ ይታይ። የተበላ ጥርስና የላላ ኩሽኔታ ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን ከነአካላቱ እንግዛ። ቱርቦው፣ የናፍጣ ፓምፑ፣ ቧንቧዎቹ ከጎደሉ ርካሹ ሞተር ውድ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ራዲያተሩ ለአዲሱ ሞተር ይበቃ እንደሆነ እንጠይቅ። ብርቱ ሞተር ብዙ ሙቀት ያወጣል።

አራተኛ፣ የአዲሱን ሞተር ጠባይ እንወቅ። አሮጌው በውስጡ ሰንሰለት ነበረው። 200 ቲዲአይ ግን የላስቲክ ቺንጋ አለው። ጊዜው ሲደርስ ካልተለወጠ ይበጠሳል፤ ሞተሩንም ይጎዳል። ቱርቦም ከረጅም ጉዞ በኋላ ወዲያው አይጠፋም። ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራና ይብረድ።

አምስተኛ፣ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ስለዚህ የግዢውን ደረሰኝ ይዞ መኪናው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት መሄድና አዲሱን ቁጥር ማስጻፍ ነው። ደረሰኝ የሌለው ሞተር የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና አንግዛ።

አሁን ፊደል ቆጥረናል። በሞተሩ ብረት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እናንብብ። በደረሰኙና በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ እናስተያይ። «እኔ አውቅልሃለሁ» የሚል ደላላ ሲመጣ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው» እንበለው።

ተወያዩበት

1. ሞተር ከመግዛት በፊት ካምቢዮውን ማየት ለምን ያስፈልጋል?

2. ቱርቦ ያለው ሞተር በደጋ ሀገር ምን ጥቅም አለው?

3. ቁልቁለት ላይ ማርሽ በራሱ ቢወጣ ምን አደጋ ይመጣል?

4. በአካባቢያችሁ ሞተሩ የተለወጠ መኪና አለ? ፍሬኑስ ታይቷል? ሾፌሩን ጠይቁ።