ታጣፊው ስልክና የአቦምሳ አቧራ

በዘመናችን ከሚያስደንቁት የጥበብ ሥራዎች አንዱ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥና የሚከደን የእጅ ስልክ ነው። ታጣፊ አልጋና ታጣፊ ወንበር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደሉም፤ መስተዋት ይታጠፋል ቢሉት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ማንም ባላመነ ነበር። ዛሬ ይኸው ዕቃ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ እስከ ሆነችው እስከ አቦምሳ ደርሷል። ስለዚህ ዕቃው ያምራልን? ይበረክታልን? ሲሰበርስ በስንት ይጠገናል? የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በዛሬው እሑድ ከአንባቢያችን ጋር ልንመረምር አሰብን።

ነገሩን ያነሣሣን በአቦምሳ ያገኘነው አንድ ወጣት ነው። ሥራው ሽንኩርትና ቲማቲም ከገበሬው ተቀብሎ ወደ አዳማ መላክ ነው። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖረው እኅቱ የወራት ደመወዟን አጠራቅማ ታጣፊ ስልክ ላከችለት። ስምንት ወር ያህል በደስታ ከያዘው በኋላ አንድ ቀን ጧት ቢገልጠው በመካከሉ ጥቁር መስመር ተጋድሞበት አገኘ፤ በማግሥቱ ግማሹ ስክሪን ጨለመ። የአቦምሳ ጠጋኞች «ይህን አንነካም» አሉት። አዳማ ወስዶ ለአንድ አዛውንት ባለሙያ ቢያሳያቸው፤ «ልጄ፣ መፍታቱን እፈታዋለሁ፤ ስክሪኑ ግን እዚህ የለም። ከአዲስ አበባ ቢገኝም በዋጋው ሌላ ደኅና ስልክ ትገዛበታለህ» አሉት። ወጣቱ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል። ለእኅቱ ግን እስከ ዛሬ አልነገራትም።

ፍርዱ እንዳያደላ በመጀመሪያ ለዕቃው የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። በብዛት የሚታየው ታጣፊ ስልክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ መጽሐፍ ወደ ጎን ይገለጣል፤ ሲገለጥም ስክሪኑ እጥፍ ስለሚሆን ደብዳቤና ሒሳብ አቅርቦ ለሚያነብ ዓይን ያሳርፋል። ሁለተኛው ወደ ላይ ይከፈታል፤ ሲታጠፍ በሸሚዝ ኪስ ይገባል፤ በግማሽ አጥፈው ጠረጴዛ ላይ ቢያቆሙት ያለ ረዳት ራሱን ችሎ ፎቶግራፍ ያነሣል። ክፍት አድርጎ ማነጋገርና «ጠቅ» አድርጎ መዝጋትም ለወጣት ልብ የራሱ ደስታ አለው። ይህን ማናናቅ አይገባም፤ ሰው ዕቃ የሚገዛው ለጥቅም ብቻ አይደለምና።

ዳሩ ግን የዕቃው ታሪክ አጀማመሩ በመከራ የተሞላ ነበር። ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ታጣፊ ስልኩን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ1,980 ዶላር ሊሸጥ አስታወቀ። በሚያዝያ ወር ግን ለሙከራ ከተሰጣቸው ጋዜጠኞች የአንዳንዶቹ ስልክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበላሸ። አንዳንዶቹ ከላይ ያለውን ስስ ላስቲክ ተራ መከላከያ መስሏቸው ላጡት፤ በሌሎቹ ደግሞ በማጠፊያው በኩል ጉድፍ ገባ። ኩባንያው ሽያጩን አዘግይቶ ዕቃውን ካሻሻለ በኋላ በመስከረም ወር አወጣው። በሚቀጥለው ዓመት ከሰው ጠጉር የቀጠነ እውነተኛ መስተዋት በስክሪኑ ላይ አዋለ፤ ዳሩ ግን ያም መስተዋት ከበላዩ ላስቲክ ለብሷልና ጥፍር ይጭረዋል።

ፋብሪካው የመጀመሪያው ስልክ 200 ሺህ ጊዜ ቢታጠፍ አይሰበርም ሲል ነበር። በቀን 100 ጊዜ ለሚገልጥ ሰው ይህ ወደ አምስት ዓመት ተኩል የሚጠጋ ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን በማጠፊያ መኪና በተደረገ ሙከራ ግን የሳምሰንጉ 120 ሺህ ጊዜ ያህል ታጥፎ ግማሽ ስክሪኑ ጠፋ፤ የሞቶሮላው ራዘር ደግሞ 27 ሺህ ያህል ታጥፎ ማጠፊያው እምቢ አለ። ሞቶሮላ መኪናው ለስልኩ አይስማማም ሲል ተቃውሟል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሻሻል ታይቷል፤ በ2025 ዓ.ም. የወጣው የሳምሰንግ ስክሪን 500 ሺህ እጥፋት ይችላል ተብሎ ተነግሮለታል።

ቁጥሩ መልካም ነው። ነገር ግን የፋብሪካ መኪና የሚያጥፈው በንጹሕ ክፍል ውስጥ ነው፤ የአቦምሳው ወጣት የሚያጥፈው በሽንኩርት ማሳ ዳር በአቧራ መካከል ነው። እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ምልክት ማንበብ እንዲማር እንወዳለን። በስልክ ላይ «አይፒ» ተብሎ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ የመጀመሪያው የአቧራ፤ ሁለተኛው የውኃ ነው። የሳምሰንግ ታጣፊ ስልኮች በ2024 እና በ2025 ዓ.ም. የያዙት ቁጥር 48 ነው። በውኃው በኩል 8 ከፍተኛ ነው፤ በአቧራው በኩል ያለው 4 ግን ከአንድ ሚሊሜትር የሚበልጠውን ጉድፍ ብቻ ይከለክላል ማለት ነው። የስምጥ ሸለቆው አቧራ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ነው። አቧራን ፈጽሞ ይከለክላል ተብሎ 68 የተሰጠው የመጀመሪያው ታጣፊ ስልክ በ2025 ዓ.ም. የወጣው የጉግል ፒክስል ነው። የማይታጠፉት ስልኮች ግን ይህን ማዕረግ ከያዙ ብዙ ዓመታቸው ነው።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ። የመጀመሪያው የሳምሰንግ ታጣፊ የውስጥ ስክሪን በአሜሪካ ሲለወጥ ዋጋው 599 ዶላር ነበር። ዶላር በ57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 34 ሺህ ብር ያህል ይሆናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ ዶላሩ 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ግን ያው ስክሪን ከ60 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ስክሪኑ ከማጠፊያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ተራው ስልክ መስተዋቱን ብቻ ለውጦ መገላገል አይቻልም። በሌላ አገር የተገዛ ስልክ ዋስትናው ብዙ ጊዜ በዚያው አገር ይቀራል። ቴክኖም በ2023 ዓ.ም. የራሱን ታጣፊ አውጥቷል፤ የመለዋወጫው ጥያቄ ግን ለእርሱም ያው ጥያቄ ነው።

በእኛ አስተያየት የዕቃ ጥንካሬ በፋብሪካ ብቻ የሚለካ አይደለም። ከጠጋኙ ደጅ እስከ ባለቤቱ ደጅ ባለው ርቀትም ይለካል። በሴኡል ከተማ የሚኖር ሰው ስልኩ ቢሰበር ጧት ሰጥቶ ማታ ይቀበል ይሆናል፤ ስለዚህ ለእርሱ ዕቃው ጠንካራ ነው። ያው ስልክ በአቦምሳ ደካማ ይሆናል። ለነጋዴው ስልክ ጌጥ ሳይሆን መደብር፣ መዝገብና ገንዘብ መያዣ ነውና አንድ ሳምንት ሲጨልም የሳምንት ገበያ ያልፈዋል። ደግነቱ ወጣታችን ሲም ካርዱን አውጥቶ በአሮጌ ባለ ቁልፍ ቀፎ ላይ አድርጎ በ*127# ቴሌብሩን ማንቀሳቀስ ችሏል፤ የገበሬዎቹ የሒሳብ ጽሑፍ ግን በጨለመው ስልክ ውስጥ ቀርቷል።

«ጌጥ ያለ ቤቱ ቁምጥና ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ታጣፊ ስልክ አይገዛ አንልም፤ የሚገዛው ሰው ግን አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ስክሪኑ በአዳማ ወይም በአዲስ አበባ በስንት ይገኛል? ያን ዋጋ ዳግመኛ ለመክፈል እችላለሁን? ጽሑፌና ፎቶግራፌስ በሌላ ስፍራ ተቀምጦልኛልን? ያገለገለውን የሚገዛም ቢሆን እጥፉን በጣቱ ዳስሶ፣ ከላይ ያለው ላስቲክ አለመላጡን አይቶ ይግዛ። ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሰው የማይታጠፈውን ቢገዛ አያፍርም።

ለአቦምሳው ወንድማችን ደግሞ የምንለው አንድ ነገር ነው። ለእኅትህ ንገራት። እርሷ የላከችው ፍቅሯን ነውና ፍቅሩ አልተሰበረም። ዝም ብትል ግን በሚመጣው ዓመት የወራት ድካሟን እንደገና በዚያው ዕቃ ላይ ታፈስሰው ይሆናል።