የቀለም ነቍጥን ስለ ማንጻት
ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በሐሩሪቱ ካርቱም፣ ደይም በተባለው ሰፈር የኖሩ ወገኖቻችን በምሽት ሠርግና በማኅሌት ባነሷቸው ዲጂታል ፎቶግራፎች ላይ፣ ብርሃኑ ስላነሰ፣ ሙቀቱም የካሜራውን ዳሳሽ ስለሚያውከው፣ ንጹሑ ነጠላ ሳይቀር ቀይና አረንጓዴ ነቍጥ ተረጭቶበት ይታያል። ይህን ለማንጻት ውድ ሶፍትዌር መግዛት ግድ የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ ግን ከንቱ ወጪ ነው እላለሁ። የሰው ዓይን ከብርሃን ይልቅ የቀለምን ረቂቅ ዝርዝር ለመለየት ደካማ ነውና፣ በነጻ የሚገኘው ጊምፕ የተባለ ሶፍትዌር ሥዕሉን ላብ (LAB) በተባለው የቀለም ሥርዓት ብርሃንና ቀለም ብሎ ከከፈለልን በኋላ፣ የብርሃኑን ክፍል ሳይነኩ ሁለቱን የቀለም ክፍሎች ብቻ በልኩ ማደብዘዝ፣ የጥልፉን ክርና የቅንድቡን ጠጕር ሳያጠፋ ነቍጡን ይሠውረዋል። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ የፎቶግራፎቹ ባለቤቶች ተበትነዋልና፣ እባካችሁ ዋናውን ፋይል ጠብቁ፤ በቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ።