ለቤተ ሰብ ጤና፤ የማሽላ እርሾና የኮሌራ መርዝ

ከመተማ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር መንገደኛ በየቤቱ የሚቀርብለት እንጀራ ክስራ ይባላል። ከማሽላ የሚጋገር ሲሆን እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ባለቤቲቱ ማታ ዱቄቱን በውሃ ታቦካና ከትናንቱ ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች፤ ሲነጋም ሊጡ ኾምጥጦ ይገኛል። ስለዚህና ስለ ሌሎቹ የአገራቸው የቦኩ ምግቦች ሱዳናዊው ሊቅ ሐሚድ ዲራር በ1993 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል።

ኾምጣጣውን ጣዕም የሚያመጡት ላክቶባሲለስ የተባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ የእህሉን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። የኮሌራ ጀርም ደግሞ አሲድን አይችልም። ነገሩ ለገዳሪፍ ሰው ተራ ወሬ አይደለም፤ ጦርነት በተነሣበት በ2023፣ በሴፕቴምበር ወር፣ በዚያው ግዛት ኮሌራ መግባቱ በሱዳን መንግሥት ታውጇል።

ጀርሙ ሰውን የሚጎዳው በሚተፋው መርዝ ነው። ይህንም በ1959 የካልካታው ሐኪም ሳምቡ ናት ዴ በጥንቸል አንጀት መርምረው ገልጠዋል። መርዙ በአንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቅና የሰውነትን ውሃና ጨው ያለ ልክ ያስፈስሰዋል። እንግዲህ ሊቃውንት ባክቴሪያን በባክቴሪያ ለመከላከል አሰቡ። በ2006 በአውስትራልያ፣ በአደላይድ ዩኒቨርሲቲ፣ ጉዳት የሌለውን አንድ ባክቴሪያ መልኩን እንደ አንጀት ግድግዳ አድርገው መርዙ አንጀቱን ትቶ በእርሱ ላይ እንዲጣበቅ አደረጉ፤ ብልኀቱ የሚያስደንቅ ነው። በ2018 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በረጋ ወተት ውስጥ የሚገኘው ላክቶኮከስ ላክቲስ የኮሌራን ጀርም በአሲዱ እንደሚገታው አሳዩ። ይሁን እንጂ ሁለቱም የተፈተኑት በአይጥ ግልገሎች ነው።

ስለዚህ ክስራ የሚበላ ሁሉ ከኮሌራ ይድናል ማለት አይደለም። እንጀራው ቢኾመጥጥ ወጡ አይኾመጥጥም። በ1986 ኮሌራ በገባባት በጊኒ በተደረገው ምርመራ ጀርሙ አድሮ በሚበላው የለውዝ ወጥ ውስጥ ሲራባ፣ አሲድ ባለው የቲማቲም ወጥ ውስጥ ግን አልራባም። በገዳሪፍም ከክስራ ጋር የሚቀርበው የባምያ ወይም የለውዝ ወጥ ካደረ እስኪፈላ መሞቅ አለበት። በረመዳን የሚጠጣው ሑሉ ሙርም ከቦካ ማሽላ ቢጋገርም በኋላ የሚዘፈዘፍበት ውሃ ያልፈላ ከሆነ አደጋ አለው። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ግን ቢፈላም አይጠፋምና፣ ምግቡን ከመጀመሪያው ሙቀት ባለበት ቦታ አለማሳደር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ሕፃኑ እንደ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ሲይዘው እርጎ ይበቃዋል ብሎ መዘግየት ነው። ኮሌራ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በፓኮው ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ወዲያው ማጠጣት፣ እያጠጡም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ጡት አይከለከልም።