የልጅ ቀለብ ዕዳ ነው እንጂ ችሮታ አይደለም

በየአጥቢያው ይህች እናት አትታጣም። ትዳርዋ በፍርድ ፈርሶ ልጆቹ ከእርስዋ ጋር እንዲኖሩ፥ አባታቸውም በየወሩ ቀለብ እንዲቈርጥ ተወስኖላታል። የመጀመሪያው ወር ተከፈለ፤ ሁለተኛው ዘገየ፤ ሦስተኛው ቀረ። ጎረቤት «እስከ ፋሲካ ታገሺው» ይላታል፤ ሽማግሌም «የልጆችሽን አባት ስም አታስጠፊ» ይላታል። እርስዋም ይሉኝታ ይዟት ዝም ትላለች፤ የፍርዱም ወረቀት ታጥፎ ከሣጥን ይቀመጣል። በዚህ ወር ስለዚህች እናትና ስለ ልጆችዋ ልንጽፍ ወደድን።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 እንደ ተነገረው፥ አጋር ልጅዋን ይዛ ከአብርሃም ቤት በወጣች ጊዜ ስንቅዋ እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ብቻ ነበረ። ውኃው ባለቀ ጊዜ ልጁን ከቍጥቋጦ ሥር አስቀምጣ፥ ሞቱን እንዳታይ ራቅ ብላ አለቀሰች። እግዚአብሔርም የብላቴናውን ድምፅ ሰማ። የቀለብ ነገር ሲነሣ እኛም አስቀድመን ልንሰማው የሚገባን ይህንኑ የልጁን ድምፅ ነው። ባልና ሚስት ቢለያዩ፥ አባትና ልጅ ግን አይፋቱምና። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፥ በምዕራፍ 5፥ ለገዛ ቤተ ሰቡ የማያስበውን ሰው ከማያምን ሰው በታች አድርጎ ቈጥሮታል።

የአገራችንም ሕግ ይህን ግዴታ በግልጽ ደንግጎታል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀለብ ተደንግጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም አጽንቶታል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ፥ አንባቢ በሚኖርበት ክልል የሚሠራበትን ሕግ ጠይቆ ይረዳ። ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፥ ልብስ፥ ሕክምናና ትምህርትም በውስጡ ይገኛሉ። ልኩም የሚወሰነው የልጁ ችግርና የአባቱ ወይም የእናቱ አቅም ተመዝኖ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ስለሚናገር፥ «በሕግ ያገባኋት አይደለችም» ማለት ከቀለብ አያድንም።

እንግዲህ ፍርድ ተሰጥቶ ሳለ አባት ባይከፍል ምን ይደረጋል? ፍርዱ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ እንዲፈጸም መጠየቅ አለበት። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፥ ባለመብቷ የፍርዱን ግልባጭ አያይዛ የአፈጻጸም ማመልከቻ ለፍርድ ቤቱ ታቀርባለች። በማመልከቻዋም ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፥ እስካሁን የተከፈለውን፥ የቀረውንም ገንዘብ፥ በምን መንገድ እንዲፈጸምላት እንደምትሻ ትገልጻለች። ስለዚህ የተቀበለችውንና የቀረባትን በየወሩ በደብተር መጻፍ፥ የባንክም ደረሰኝ መጠበቅ ይጠቅማታል። ፍርድ ቤቱም ባለዕዳውን ጠርቶ ስለ ሀብቱ ይመረምረዋል።

ባለዕዳው ደመወዝተኛ እንደ ሆነ ነገሩ ይቀላል። ፍርድ ቤቱ ለአሠሪው ትእዛዝ ይጽፋል፤ አሠሪውም በየወሩ ከደመወዙ ቀንሶ እንደ ታዘዘው ያስተላልፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው ከወር ደመወዙ ከሦስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሰው ቢበዛ 3,000 ብር ይቈረጥበታል ማለት ነው። ባለዕዳው ነጋዴ ወይም የራሱን ሥራ የሚሠራ እንደ ሆነ ደግሞ፥ በባንክ ያለው ገንዘብ፥ መኪናው ወይም ሌላው ንብረቱ ተከብሮ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ንብረቱ የት እንዳለ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት በአብዛኛው የባለመብቷ ድካም ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ባለዕዳውንም ራቁቱን አያስቀረውም፤ አስፈላጊ ልብሱን፥ መኝታውን፥ የማብሰያ ዕቃውንና የሙያ መሣሪያውን ይተውለታል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲባል የምንሻውን እንናገር። ጊዜው የደረሰ ቀለብ በሦስት ወር ውስጥ ሳይጠየቅ ቢታለፍ፥ ያለፈው ገንዘብ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ሊቀር ይችላል። ከገና እስከ ፋሲካ የተደረገ ትዕግሥት የልጁን መብት ይዞ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ሽምግልና የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነውና አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ሽማግሌዎች ቀጠሮ ሲሰጡ፥ ማመልከቻዋ አስቀድሞ ከመዝገብ መግባቱን ይጠይቁ። ዕርቅ ቢወርድ መዝገቡን መዝጋት ቀላል ነው።

ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። ሆኖም የታሰረ አባት ደመወዝ የለውምና፥ ይህን በር ሌላው ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ማንኳኳት ብልኅነት ይመስለናል።

ለአባቶችም አንድ ቃል አለን። ሥራ ብታጡ ወይም ብትታመሙ አትሸሸጉ፤ ኑሮ በተለወጠ ጊዜ የቀለቡ ልክ እንዲሻሻል ለፍርድ ቤቱ ማመልከት በሕግ የተፈቀደ ነው። ይህም በር ለሁለቱም ወገን የተከፈተ ስለ ሆነ፥ የትምህርት ቤት ክፍያና የእህል ዋጋ ሲጨምር እናትም ትጠይቅበታለች። ዝም ብሎ የቀረ አባት ግን ዕዳውን ያከማቻል፤ ከዕዳውም ይልቅ የልጁን ልብ ያጣል።

እናቶችም ሆይ፤ የቀለቡ ገንዘብ የልጁ ነውና በይሉኝታ አትተዉት። እንዲሁም «አልከፈለምና አያይህም» ብላችሁ ልጁን ከአባቱ አትለዩት፤ ዕዳው በፍርድ ቤት ይጠየቃል፥ የልጅ ፍቅር ግን በሐራጅ አይመለስም። የንስሐ አባቶችም ከምእመናን ቤት ሲገቡ፥ ስለ ጾምና ስለ ጸሎት እንደሚጠይቁ ሁሉ፥ «ልጅህ በላን? ተማረን?» ብለው አባትን ይጠይቁ ዘንድ በትሕትና እናሳስባለን።

የአጋርን ልጅ ድምፅ የሰማ አምላክ የልጆቻችንን ድምፅ እንድንሰማ ጆሯችንን ይክፈትልን። አሜን።